ያልተስተካከለ የጎማ መበላት (በስፖርት መኪና)

ያልተስተካከለ የጎማ መበላት የጎማ ጥርስ በሙሉ ስፋቱ እኩል ከማለቅ ይልቅ በአንድ ጠርዝ፣ በመሃል ወይም እዚህም እዚያም እየተቦረቦረ ሲያልቅ ነው። በማንኛውም ተሽከርካሪ ላይ ይከሰታል፤ በስፖርት መኪና ላይ ግን ቶሎ ይመጣል፣ ለማየትም ያስቸግራል። የእነዚህ መኪኖች ጎማ ሰፊ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀውም ከመኪናው ሥር የተደበቀው የውስጥ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ቆሞ ለሚያየው ሰው ደህና የሚመስል ጎማ በውስጥ በኩል ሽቦው ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ የመፈንዳት አደጋ አለው።

ካምበር እና ቶ

ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዝንባሌ ነው። አናቱ ወደ መኪናው ካዘነበለ ኔጋቲቭ ካምበር ይባላል። የስፖርት መኪና ሲታጠፍ ጎማው መሬቱን በደንብ እንዲይዝ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ኔጋቲቭ ካምበር ይሰጠዋል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ግን ጭነቱ ወደ ውስጥ ጠርዝ ያደላል። ቶ ደግሞ ከላይ ሲታይ የግራና የቀኝ ጎማዎች የፊት ጫፍ መቀራረብ (ቶ ኢን) ወይም መራራቅ (ቶ አውት) ነው።

የውስጥ ጠርዝ ሲበላ በተለምዶ የሚወቀሰው ካምበር ነው። ሆኖም ዋናው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ ቶ ነው፤ ምክንያቱም ጎማውን ከሚሄድበት አቅጣጫ ያዛንፈዋል። በስሌት፣ በግማሽ ዲግሪ የተዛነፈ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 8.7 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። በ10,000 ኪሎ ሜትር ይህ ወደ 87 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ኔጋቲቭ ካምበር ሲጨመርበት መፋቁ በጠባቡ የውስጥ ጠርዝ ላይ ይከማቻል። ካምበሩን ብቻ ቀንሶ ቶውን መተው ችግሩን የማይፈታው ለዚህ ነው።

ምርመራ

መጀመሪያ የግራና የቀኝ ጎማዎች ይነጻጸራሉ። ሁለቱም በተመሳሳይ መልክ ከተበሉ መንስኤው የመኪናው አስተካከል ወይም የአየር ግፊቱ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ከተበላ ግን የታጠፈ ወይም የላላ ክፍል ይጠረጠራል፤ ለምሳሌ ከድንጋይ ጠርዝ ጋር የተጋጨ ቲራንቲ ወይም ያለቀ ቴስቲና።

ሽቦ አለመውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ጥርሱ በእጅ ይዳሰሳል። እጅ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሄድ ለስላሳ ሆኖ ሲመለስ ስለታም ከሆነ ቶ ኢን በዝቷል፤ ተቃራኒው ቶ አውትን ያመለክታል። ይህ ምልክት ጠርዙ በግልጽ ከመበላቱ በፊት ስለሚታይ ጎማን ለማትረፍ ከሁሉ የተሻለ ነው።

መሃሉ ብቻ ካለቀ አየር በዝቷል፣ ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ አንሷል። ግፊቱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። በየቦታው ጎድጎድ ያለ ከሆነ ደግሞ የደከመ ሾክ አብዞርበር ወይም ባላንሱ የተዛባ ጎማ ይፈተሻል።

መኪናውን ዝቅ ለማድረግ አጭር ሞላ ማስገባት በብዙ መኪኖች ካምበሩንም ቶውንም ይቀይራል። ከዚያ በኋላ አላይመንት ሳይሠሩ መንዳት የተለመደ የጉዳት መንስኤ ነው።

የፖርሽ 911 ምሳሌ

በ1963 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ፖርሽ 911 ሞተሩ ከኋላ አክሱሉ በስተጀርባ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። የዛሬዎቹ ሞዴሎች የኋላ ጎማ ከፊቱ ስለሚሰፋ እንደ ቤት መኪና የፊትና የኋላውን ማቀያየር አይቻልም። ስለዚህ መበላቱ እዚያው ጎማ ላይ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ጥገና

በቅድሚያ የላሉ ክፍሎች ይቀየራሉ፣ ከዚያ አላይመንት ይሠራል፤ በላላ ቴስቲና ላይ የተወሰደ ልኬት መንገድ ላይ አይጸናም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመኪና ጎማ የተፈቀደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥልቀቱ በብዙ ቦታ መለካት አለበት፤ በተለይ መሪ ወደ ጎን ተጠምዞ ወይም መኪናው ተነሥቶ በሚታየው የውስጥ ቦይ።