የጌዴኦ ኮረብቶችና የቆሙ ድንጋዮች ዜና

ይህ የጌዴኦ ምድር ዜና ነው፤ ቤተ መንግሥት ያልተሠራበት፣ ጸሐፊ ትእዛዝ ያልተሾመበት አገር ዜና። የሸዋ ነገሥታት ዕለት ዕለት የሚጽፍላቸው ነበራቸው፤ የት እንዳደሩ፣ ለማን ካባ እንደ ደረቡ፣ በማን ላይ እንደ ተቆጡ ሁሉ ይታወቃል። ለጌዴኦ ግን ከጥንቱ የቀረለት ድንጋይ እንጂ ብራና አይደለም። ስለዚህ የዚህን አገር ነገር መጻፍ የወደደ ሰው ቀለም ከመበጥበጡ በፊት ተራራ ይወጣል።

አገሩም እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ ሐዋሳን አልፎ ዲላ ይደርሳል። በአንድ ወገን ምድሩ ወደ ዓባያ ሐይቅ ቆላ ያዘቀዝቃል፤ በሌላው ወገን ከፍ እያለ እየቀዘቀዘ 3000 ሜትር እስከሚጠጋ ደጋ ድረስ ይወጣል። በዚህ አቀበት ላይ ሜዳ መሬት ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ሰዉ ግን ጢም ብሎ ሰፍሮበታል። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ይጥላሉ፤ ከዛፉ ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ይበቅላል። ስሟ ባሕር ተሻግሮ የሚጠራው ይርጋጨፌም የዚሁ ጥላ ልጅ ናት። ሕዝቡ ሰባት ነገድ ነው፤ አባ ገዳው በየ8 ዓመቱ ሥልጣኑን ያስረክባል፤ ሙግትም ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ያልቃል። ንጉሥ እስኪሞት ድረስ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ ማየት ለለመደ ለሰሜን ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ ነበረ።

እኛም ከዲላ ተነሥተን በወናጎ በኩል ወደ ቱቱ ፈላ ወጣን። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ ከነካው እግር ይይዛል። ከላይ በደረስን ጊዜ 300 ያህል ድንጋይ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ አየን፤ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ዘንሞ፣ አንዱ በአፍጢሙ ተደፍቶ። ከእነርሱ እኩሌቶቹ ለስላሳ ምሰሶ ሆነው በወንድ ሀፍረተ ሥጋ አምሳል የተጠረቡ ናቸው። ሌሎቹ ፊት አላቸው፤ ዓይንና አፍንጫ፣ በደረት ላይ የተጣጠፈ እጅም አላቸው።

የእነዚህ የሁለቱ ወገኖች ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነውና ጥቂት እንቆይበት። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሮዤ ዡሶም የተባለ ፈረንሳዊ የጥንት መርማሪ ቱቱ ፈላን ቆፈረ። ያገኘውም ይህ ነው፦ አስቀድሞ የነበሩት ሰዎች ሙታናቸውን ቀብረው ምሰሶውን አቆሙ። ከዘመን በኋላ ሌሎች መጡ፤ በዚያው ስፍራ ላይ ድንጋይ ከምረው የራሳቸውን ሙታን ቀበሩ። የቀደሙትን ሰዎች ሐውልት ግን አልጣሉትም፤ ከምሰሶው አንዳንዱን አንሥተው ፊት ቀረጹበትና ለራሳቸው ሙት አቆሙት። አሮጌ ብራና ፍቆ ሌላ መጽሐፍ እንደሚጽፍበት ደብተራ አደረጉ። አተኩሮ ለሚያይ ሰው ግን የፊተኛው ጽሕፈት ከኋለኛው ሥር ይታያል፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ ከጀርባው ሲታይ ዛሬም ያው የቀድሞው ምሰሶ ነው። ጌዴኦዎችም በተራቸው ድንጋዮቹን አከበሯቸው፤ ሽማግሎቻቸውም ጠበቋቸው። ማጌኖ ብለው የሚጠሩትን አምላክ የሚለምኑበት ዱርም ምሳር የማይነካው ሆኖ ኖረ።

ወደ ዘመኑ ቁጥር እንመለስ።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የአጼ ምኒልክ ጦር ወደዚህ አገር ወረደ፤ ታቦትም ከጦሩ ጋር መጣ። ነፍጠኛው የሚስማማውን ደጋ እየመረጠ ሰፈሩን በኮረብታ ላይ ተከለ፤ በሰፈሩም መካከል ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ለይቶ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሠራ። በዙሪያውም ጥድና ወይራ አስተከለ፤ ከቅጽሩ ውስጥ እንጨት የቆረጠም ተወገዘ። በዚህ ነገር ገባሩና ጌታው ሳይነጋገሩ ተስማምተው ነበር ማለት ይቻላል፤ የተቀደሰ ዛፍ እንደማይቆረጥ ጌዴኦ ከማንም ሳይማር ያውቅ ነበርና። የተስማሙት ግን በዛፉ ብቻ ነው። መሬቱ ተለካ፤ ባለቤቱ ገባር ሆነ፤ አውራጃውም ከነገዶቹ በአንዱ ስም ደራሳ ተባለ።

ከዐድዋ በኋላ ጌዴኦ ያለበትን ሲዳሞን የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው፤ የፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ። ለተወሰኑ ዓመታት ወደ ሐረር ቢሾሙም ተመልሰው መጡና የጌዴኦን ቡና ትልቅ ሀብት አደረጉት። በእርሳቸው ዘመን አባ አዛይስ የተባለ የካፑሲን መነኩሴ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ ተቀብሎ፣ ሻምባር ከሚባል ባልንጀራው ጋር እየዞረ የደቡብን ሐውልቶች መረመረ፤ መጽሐፋቸውም በ1931 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፓሪስ ታተመ። ጌታው ቡናውን ሲያስቆጥር መነኩሴው ድንጋይ ይቆጥር ነበር።

በ1920 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ደጃዝማች ባልቻ ወደ አዲስ አበባ ተጠሩ። ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው መጡና ሠራዊቱን ከከተማው ውጭ አሰፈሩ። ራስ ተፈሪም በቤተ መንግሥት ግብር አግብተው አከበሯቸው። ባልቻ ግብር ላይ ሳሉ ሠራዊታቸው ገንዘብ ተሰጥቶት ተበተነ፤ ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ የሚያዙት ሰው አጡ። ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ይህን ታሪክ የአዲስ አበባ ሰው እየሳቀ ያወራዋል። በጌዴኦ ኮረብታ ላለው ገባር ግን ጌታ ተለወጠ እንጂ ግብር አልተለወጠም።

በ1952 ዓ.ም. ያ ነገር ፈነዳ። የጌዴኦ ጭሰኞች ከምርታቸው የሚወሰደው በዝቶባቸው፣ አቤቱታቸውም ሰሚ አጥቶ በባለርስቶቹ ላይ ተነሡ፤ ሚጭሌ በሚባል ስፍራም ውጊያ ሆነ። ጦር የያዘው ከጠመንጃ ጋር ተጋጥሞ ብዙ ሰው ወደቀ። የዚያ ዘመን መንግሥት ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ብዙ ቀለም አላፈሰሱም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠሩን መሬት አዋጅ ባወጀ ጊዜ ግን ጭሰኝነት ቀረ።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የወንጌላውያን ሚስዮኖች ትምህርት በምድሩ ሁሉ ተሠራጨ፤ ዛሬ የሚበዛው ጌዴኦ የቃለ ሕይወት፣ የመካነ ኢየሱስና የመሰሎቻቸው ምእመን ነው። እሑድ ጠዋት በየሸንተረሩ የሚሰማው የኳየር መዝሙር ነው። የድንጋዩ ጠባቂ ሽማግሌና የመዘምራኑ ወጣት ከአንድ ቤት ይወጣሉ።

በ2010 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በጌዴኦና በጎረቤቱ በጉጂ ሕዝብ ድንበር ክፉ ግጭት ተነሣ። ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑም የተፈናቃይ ማደሪያ ሆነ። ሁለቱ ሕዝቦች ገዳ የሚያውቁ፣ እርቅ የሚያውቁ፣ በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው፤ ይህን የጻፍሁት ነገሩ የባሰ እንደሚያሳዝን እንዲታወቅ ነው።

በ2014 ዓ.ም. አሸናፊ ዘና የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሳካሮ ሶዶ ስለሚባለው የጌዴኦ የሐውልት ስፍራ የጻፈው ጥናት ወጣ። ቀድሞ የሐውልቶቹ ዕድሜ ከ1100 ዓመተ ምሕረት ግድም ይቆጠር ነበር፤ እነርሱ ግን በከሰል መርምረው ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን አወጡት፤ አንድ ሺህ ዓመት በአንድ ጊዜ ተጨመረ። የአክሱም ሰዎች ስማቸው ገና መሰማት በጀመረበት ወራት እዚህም ድንጋይ ይጠረብ ነበር ማለት ነው። በስፍራው የተገኘው ባልጩትም 300 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ ከሰሜን ኬንያ የመጣ ሆነ፤ ንግዱ እስከዚያ ይደርስ ነበርና። በጌዴኦ ምድር ያለው ሐውልት ከ10,000 እንደሚበልጥ፣ ከ60 በላይ በሆኑ ስፍራዎችም እንደሚገኝ ይገምታሉ።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በሪያድ የተቀመጠው የዩኔስኮ ጉባኤ ጌዴኦን ከነእንሰቱ፣ ከነዱሩና ከነድንጋዩ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ የባሌ ተራሮችም በዚያው ጉባኤ ተመዘገቡ። በዲላም ደስታ ሆነ። ሳካሮ ሶዶ ላይ ግን ከድንጋዮቹ አብዛኞቹ ወድቀዋል፤ መርማሪ ቆፍሮ ያያቸው ስፍራዎችም ከስድሳው ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት በሰው ጓሮ፣ በቡናው መካከል ናቸው፤ ጠባቂያቸውም የጓሮው ባለቤት ነው።