ግድግዳው የማን ነው? ከእንጦጦ ኖራ እስከ ኮንዶሚኒየም ቀለም

አዲስ ቤት የገባ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። ሳሎኑ ክሬም ይሁን ወይስ ውሃ ሰማያዊ? መኝታ ቤቱስ? የሚያብረቀርቀው ዘይት ቀለም ይሻላል ወይስ የማያብረቀርቀው ፕላስቲክ ቀለም? ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ በሩ ምን ይሁን? ባልና ሚስት ይኮራረፋሉ፣ እናት ጣልቃ ይገባሉ፣ ጎረቤት የራሷን ሳሎን አሳይታ ነገሩን ታወሳስበዋለች። ቀለም ቀቢው ደግሞ ሁሉንም በትዕግስት አዳምጦ ሲያበቃ ከሌላ ቤት የተረፈውን ቀለም ይመክራል።

ክርክሩ ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ትልቅ ነገር ነው ባዮች ነን። ምክንያቱም የዚህ ከተማ ሰው ለረጅም ዘመን «ግድግዳዬን ምን ልቀባው?» ብሎ የመጨነቅ ዕድል እንኳ አልነበረውም። አንድም ቀለሙ የለም፣ አንድም ግድግዳው የእሱ አይደለም። ይህን ለመረዳት ነገሩን ከስሩ መያዝ ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ስር ደግሞ ያለው ከላይ፣ ጉለሌን አቋርጠን ሽቅብ ስንወጣ፣ እንጦጦ ማርያም ነው።

የንጉሡ ቤት ቀለም

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ መጀመሪያ፣ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አመጡ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። እንግዲህ ያ ሁሉ ግርማ የነበረበት ሰው የሚኖርበት ቤት ምን ይመስል ነበር?

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው መጀመሪያ ግር ሊለው ይችላል። የጎንደርን ግንብ አስቦ ለመጣ ሰው በተለይ። የሚጠብቀው ግንብ ሳይሆን የጭቃ ግድግዳ፣ የሳር ክዳን፣ የእንጨት በርና መስኮት ነው። ግድግዳው ነጭ ነው። በቃ፤ ነጭ፣ የእንጨት ቡናማ፣ የሳር ገለባማ ቀለም። በዛሬ ቋንቋ «የተናበበ ቀለም» የምንለው ነገር እዚያ ያለ ምንም መራጭ ተናብቧል። ለምን ቢሉ፣ ሦስቱም ከአንድ አገር የመጡ ናቸው። ጭቃውም እንጨቱም ሳሩም የዚያው ደጋ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይጣላውም።

ታዲያ ነጩ ለምን? ለማማር ብቻ አይደለም። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ነፋሱ አጥንት የሚሰብር ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ቤት የሚሰራ ሰው መስኮቱን ያጠብባል። መስኮት ሲጠብብ ቤት ይጨልማል። ሲጨልም ደግሞ ያለችውን ትንሽ ብርሃን ወደ ማዕዘኑ ሁሉ የሚያዳርስ ግድግዳ ያስፈልጋል፤ እሱም ነጭ ግድግዳ ነው። መብራት ኃይል በሌለበት ዘመን ነጭ ቀለም ራሱ መብራት ነበር ማለት ይቻላል።

ኖራና እበት

ግድግዳን ነጭ የሚያደርገው የታወቀው ነገር ኖራ ነው። ኖራ ደግሞ የሚገርም ነገር ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ በሆነ እሳት ሲቃጠል በውስጡ ያለው አየር ይወጣል፤ ውሃ ሲደረግበት እየፈላ ይሟሟል፤ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ያንኑ ያጣውን አየር ቀስ እያለ ከቤቱ ውስጥ መልሶ ይስባል፤ መልሶም ድንጋይ ይሆናል። እንግዲህ ኖራ የተቀባ ቤት ስስ የድንጋይ ልብስ ለብሷል ማለት ነው። በዚያ ላይ ኖራ የሚያቃጥል ባሕርይ ስላለው ሻጋታና ተባይ አይወዱትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይተነፍሳል። የጭቃ ግድግዳ ክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ መልሶ መተፋት አለበት፤ ኖራ መንገድ አይዘጋበትም።

ይህ እውቀት በአገራችን አዲስ አልነበረም። የጎንደርን ግንቦች ያቆመው ኖራ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአጼ ሱስንዮስና በአጼ ፋሲል ዘመን ድንጋዩ ከድንጋይ የተያያዘው በእሱ ነው። ግን ኖራ ማቃጠል እንጨትም ጉልበትም ይበላልና የሁሉ ሰው አልነበረም። ኖራ የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ነበር።

ተራው ሰውስ? ተራው ሰው ቤቱን በቋሚና በማገር ያቆማል፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ ይመርገዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ በስስ ጭቃ ይለስነዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ስራ የሴቶች ነው። እበት በውሃ ተበጥብጦ ግድግዳውና ወለሉ ይለቀለቃል። ነጭ አፈር በአቅራቢያ ከተገኘ ነጭ፣ ቀይ አፈር ከተገኘ ቀይ ይሆናል። ክረምቱ ሲወጣ፣ እንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ ፋሲካ ሲቃረብ ይታደሳል። ልብ በሉ፤ የግንቡን ታሪክ ስንጽፍ የንጉሥ ስም እንጠራለን፤ የልቅለቃውን ታሪክ ግን የሚጠራው የለም። በየዓመቱ የአገሪቱን ግድግዳ ሁሉ በእጃቸው መዳፍ ሲያለሰልሱ የኖሩት እናቶች ናቸው። የዛሬው ቀለም ቀቢ «የመጀመሪያ እጅ፣ ሁለተኛ እጅ» ሲል ብሩሽና ሮሎ ይዞ ነው፤ የእነሱ ግን እውነተኛ እጅ ነበር።

ቀለሙ የት ነበር ታዲያ?

«አያቶቻችን ቀለም አያውቁም ነበር» ብሎ የሚደመድም ካለ ተሳስቷል። ቀለም ነበር፤ ግን ቦታ ነበረው። የኖረው በቤተ ክርስቲያን ነው። የአበሻ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ሰው ከደጅ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ቀለሙ እየደመቀ ይሄዳል፤ መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው ሁሉ ይጠብቀዋል። ብዙ ጊዜ ስዕሉ በቀጥታ በጭቃው ላይ አይሳልም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ይህም ብልሃት ነው፤ ጭቃው ቢሰነጠቅ ስዕሉ ቶሎ አይሰነጠቅምና።

እንጦጦ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን መኖራቸው ነው እኛን የሳበን። የንጉሡ ቤት ነጭና ጭምት፣ ስምንት ማዕዘኑ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ባለ ቀለም። ደማቁ ለእግዜር፣ ነጩ ለሰው። ይህ ደግሞ የቀለም ምርጫ ነው እንጂ የቀለም እጦት አይደለም።

ጋዜጣ የለበሰ ግድግዳ

ከተማው ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወረደ፤ ነፋሱና የማገዶው እጥረት ገፋው፣ የእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ሳበው። ቆርቆሮ መጣ፣ ጀሶ መጣ፣ የቆርቆሮ ጣሳ ቀለም መጣ። የጭቃው ግድግዳ ግን አልሄደም። አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት ከላይ ቆርቆሮ ለብሶ ከውስጥ ያው ጭቃ ነበር።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ቀነሰ፤ ለብዙ ድሃ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ጥያቄያችን እዚህ ጋ ይመጣል፤ ግድግዳው የማን ነው? የቀበሌው ነው። ቀበሌው ያድሰዋል? አቅም የለውም። ተከራዩስ? የእኔ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ለምን ገንዘቤን ላፍስስ ይላል፤ ሊያፈስስ ቢፈልግም ፈቃድ ይጠየቃል።

በዚህ መሃል የተፈጠረውን ብልሃት የእኛ ትውልድ ብዙ ልጆች ያውቁታል። ግድግዳው በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ይሆናል። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው ሊነበብ ነበር፤ በየቤቱ ግን ቀለምም ሆኖ አገልግሏል። ፊደል ከመጽሐፍ በፊት ከግድግዳ የቆጠሩ ልጆች ጥቂት አይደሉም። አልጋ ላይ ተኝቶ የዓመታት በፊት የነበረን ዜና ማንበብ፣ ያውም ግማሹ በቁም ሳጥን ተጋርዶ!

ትንሽ የተረፈው ቤተሰብ ደግሞ ግድግዳውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከታች እስከ ትከሻ ድረስ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ውሃ ቀለም። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ሳሎኑም እንዲሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የልጅ እጅ የሚደርስበት በጨርቅ እንዲወለወል። ነገር ግን ጭቃ ቤት ላይ ይህ ጉዳት አለው። ዘይት ቀለም አይተነፍስም። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከኋላው ገፍቶ ያሳብጠዋል፣ ይልጠዋል፤ ብሎም ጭቃውን ይዞት ይወርዳል። እንጦጦ ላይ ያለውን ዓይነት የጭቃ ቅርስ ስናድስ ሲሚንቶና ዘይት ቀለም ጠላት የሚሆኑት ለዚህ ነው።

እጣ የወጣለት ግድግዳ

በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ብዙ ወቀሳ ይቀርብበታል። አንድ ነገር ግን አድርጓል። ቤቶቹ የሚሰጡት ማስጨረሻቸው ሳይጠናቀቅ ነበርና በሺዎች የሚቆጠር የቀበሌና የጭቃ ቤት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆሞ «ምን ልቀባው?» አለ። ያ ሁሉ ሎሚ አረንጓዴ፣ ያ ሁሉ ብርቱካናማ፣ ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ሀምራዊ ሳሎን ከዚያ የመጣ ነው። እንስቅበታለን። ግን እስቲ አስቡት፤ ሃያና ሰላሳ ዓመት ጋዜጣ ሲያይ የኖረ ሰው ቢያበዛው ይፈረድበታል?

ይሁን እንጂ ደማቁ ቀለም ዋጋ ነበረው። ዘይት ቀለምን በተለይ ደማቅ ቢጫ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት ቅመም ነው። እርሳስ የሕጻን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በአገራችን ገበያ ላይ በነበሩ ዘይት ቀለሞች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ከፍተኛ መጠን ተገኝቷል። በ2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 429 መጠኑ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። ደንቡ አዲሱን ቀለም ይመለከታል፤ የድሮው ግን ከስር ተቀምጧል። ስለዚህ አሮጌ ዘይት ቀለም ያለበትን ቤት ስታድሱ በደረቁ አትፈቅፍቁት፤ አርጥባችሁ ፈግፍጉት፣ ልጆችንም ከቤት አውጡ።

ለምርጫውስ? ከእንጦጦ የተማርነውን እንበላችሁ። መጀመሪያ መለወጥ ከማትችሉት ነገር ጀምሩ፤ ከወለሉ፣ ከበሩ፣ ከሶፋው። ግድግዳው ለእነሱ ይታዘዝ። ቀጥሎ መስኮታችሁን እዩ፤ ጠባብ ከሆነ ወደ ነጭ ተጠጉ። ግድግዳው ወጣ ገባ ከሆነ የሚያብረቀርቀውን ተዉት፤ ብርሃን ጉድለትን ሁሉ ያጋልጣል። የሚያብረቀርቀውን ለወጥ ቤትና ለበር አስቀሩት። ደማቁን ደግሞ እንደ አያቶቻችን ቦታ ስጡት፤ አንድ ግድግዳ ይበቃዋል። ሳትጨርሱ በፊት በትንሹ ቀብታችሁ ጠዋትም ማታም እዩት፤ የጣሳው ክዳን ላይ ያለው ቀለምና የእናንተ ሳሎን አንድ አይደሉም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሉ ሕንጻዎች የውጭ ቀለማቸው ተመሳሳይ ሆኗል፤ ብዙው ወደ ግራጫ አዘንብሏል። ያማረበት አለ፣ ያላማረበትም አለ፤ እሱን ሌላ ቀን እንከራከራለን። የውጭው ግድግዳ የከተማው ነው ከተባለ ግን የውስጡ የእኛ ሆኖ ይቀራል። ተከራይ ደግሞ እሱም የለውም፤ ዛሬም አከራዩ «ምስማር እንዳትመታ» የሚለው ወጣት በዚህ ከተማ ብዙ ነው። ስለዚህ በክሬምና በውሃ ሰማያዊ መካከል የሚኮራረፉ ባልና ሚስት ስታዩ አትሳቁባቸው። የሚጣሉበት ግድግዳ አላቸው።