የመንግሥት ቢሮና የሕዝብ በር፦ ከኩፋ እስከ ባግዳድ

አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ስትንከራተቱ የዋላችሁበት ቀን አይጠፋም። ማመልከቻው የሚጻፍበት አንድ ሰፈር፣ ማኅተም የሚመታበት ሌላ ሰፈር፣ ክፍያው ደግሞ ከከተማው ማዶ ሲሆን ባለጉዳዩ ቀኑን በመንገድ ይጨርሰዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በአንድ አካባቢ አሰባስቦ፣ ተያይዘውና ተቀናጅተው እንዲቆሙ አድርጎ መሥራት የዘመናችን ሐሳብ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ሙስሊሞች ይህን ከ1,250 ዓመታት በፊት በትልቁ ሠርተውታል። ከዚያ የምንማረው ስለ ግንብና ስለ ጡብ ብቻ አይደለም፤ ስለ በርም ነው። በሩ ለማን ነው የሚከፈተው?

ነገሩ እንዲገባን አስቀድመን ወደ ኩፋ እንሂድ። ኩፋ በኸሊፋው በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ትእዛዝ፣ በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) መሪነት፣ በ17 ዓ.ሂ. (በ638 እ.ኤ.አ.) ኢራቅ ውስጥ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የታሪክ ጸሐፊው ጦበሪ እንደዘገበው ከሁሉ በፊት የተለየው የመስጂዱ ቦታ ነበር። አንድ ክንደ ብርቱ ቀስተኛ መሐል ላይ ቆሞ ወደየአቅጣጫው ቀስት ወረወረ፤ መኖሪያ መሥራት የተፈቀደውም ቀስቶቹ ካረፉበት ወዲያ ነበር። መሐሉ የሁሉም ሆነ። የአገረ ገዥው ቤትና በይቱል ማል፣ ማለትም የሕዝቡ ግምጃ ቤት፣ ከመስጂዱ ጥቂት ራቅ ብለው ተሠሩ።

ከጊዜ በኋላ ሌባ ግድግዳ ሰርስሮ ከግምጃ ቤቱ ገንዘብ ወሰደ። ሰዕድ (ረ.ዐ) ሁኔታውን ለኸሊፋው ጻፉ። እኛ ብንሆን ዘበኛ ይጨመር፣ አጥሩ ከፍ ይበል እንል ነበር። የዑመር (ረ.ዐ) መልስ ግን መስጂዱ ተዛውሮ ከግምጃ ቤቱ ጋር ጎን ለጎን እንዲሆን የሚያዝ ነበር። በመስጂድ ሌትም ቀንም ሰው አይጠፋምና የሕዝቡን ገንዘብ ሕዝቡ ራሱ ይጠብቀዋል ማለታቸው ነው።

ሌላም ዘገባ አለ። ለአገረ ገዥው ቤት በር ተሠራለት፤ የገበያው ጫጫታ እንዳይረብሽ ነው ተባለ። ወሬው መዲና ሲደርስ ዑመር (ረ.ዐ) ሙሐመድ ኢብን መስለማን (ረ.ዐ) ልከው በሩን አስቃጠሉት። ሰዕድ (ረ.ዐ) በጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ ሰሓቦች አንዱ መሆናቸውን አትርሱ። ስለዚህ ጉዳዩ የሰውየው ቅንነት አይመስልም። ዛሬ በደግ ሰው የተዘጋ በር ነገ በሌላ ሰው ዘመንም ተዘግቶ ይቀራል።

አሁን ከመቶ ሃያ ዓመታት በላይ እንሻገር። ግዛቱ ሰፍቷል፣ ደብዳቤውና የግብር ሒሳቡ በዝቷል። የዐባሲያው ኸሊፋ አቡ ጀዕፈር አል-መንሱር በ145 ዓ.ሂ. (በ762 እ.ኤ.አ.) በጤግሮስ ወንዝ ዳር ባግዳድን ማሠራት ጀመረ። ከተማዋ ክብ ነበረች። ኸሊፋው ዕቅዱን በዓይኑ ማየት ስለፈለገ መስመሩ በዐመድ መሬት ላይ ተሰመረ፤ ከዚያም የሚቀጣጠል ዘይት የነካው የጥጥ ፍሬ በመስመሩ ላይ ተደርድሮ በእሳት ተለኮሰ። ጦበሪ ከጠቀሳቸው ዘገባዎች አንዱ እንደሚለው የጡብ ሥራውና ቆጠራው የተሰጠው ለኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ነበር፤ የቃዲነትን ሹመት አልቀበልም ስላሉ ነው። እሳቸውም የጡቡን ክምር በሸምበቆ ዘንግ እየለኩ ያሰሉት ነበር ይባላል።

ከተማዋ የኹራሳን፣ የሻም፣ የኩፋና የበስራ የሚባሉ አራት በሮች ነበሯት። የአራቱም ጎዳናዎች መሐል ላይ ወዳለ ሰፊ አደባባይ ያመራሉ። በአደባባዩ እምብርት በየጎኑ 400 ክንድ የሆነ ቤተ መንግሥትና በየጎኑ 200 ክንድ የሆነ መስጂድ ተያይዘው ቆሙ። አል-የዕቁቢ በአደባባዩ ዙሪያ የነበሩትን ሲዘረዝር ግምጃ ቤቱን፣ የጦር መሣሪያ ማከማቻውን፣ የደብዳቤውን ዲዋን፣ የግብሩን ዲዋን፣ የማኅተሙን ዲዋን፣ የሠራዊቱን ዲዋን፣ የአቤቱታውን ዲዋንና የወጪውን ዲዋን ይጠቅሳል። እስቲ አስቡት! በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ ከዚያው አደባባይ ሳይወጣ በሌላው ይታተማል። ለሥራ ቅልጥፍና ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ ማግኘት ይከብዳል።

በሩስ? ወደዚያ አደባባይ ከኸሊፋውና ከጥቂት ሰዎች በቀር በእግሩ ካልሆነ የሚገባ አልነበረም። በግንቡ ውስጥ የነበሩት ገበያዎችም በ157 ዓ.ሂ. (በ774 እ.ኤ.አ. ገደማ) ከርኽ ወደሚባለው የውጭ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደረገ። ምክንያቱ በተለያየ መንገድ ይተረካል። አንዳንዶች የሩም መልእክተኛ፣ ጠላትህ በገበያው በኩል አብሮህ ነው ያለው ብሎ ኸሊፋውን አስጠነቀቀው ይላሉ፤ ሌሎች የገበያውን ሕዝብ ያነሣሣ ሰው ስለተገኘ ነው ይላሉ። ለገበያተኞቹም ለጁሙዓ ወደ ከተማዋ እንዳይገቡ የራሳቸው መስጂድ ተሠራላቸው። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ በኩፋ በገበያው ጫጫታ ምክንያት የገዥው በር ተቃጠለ፣ በባግዳድ ግን ገበያው ራሱ ወጣ።

አል-መንሱርም በዚያው ሰሞን ከግንቡ ውጭ፣ በወንዙ ዳር፣ ኹልድ የተባለ ቤተ መንግሥት አሠርቶ ወደዚያ ዞረ። ክቧ ከተማ በወንድማማቾቹ በአል-አሚንና በአል-መእሙን ጦርነት፣ ከ196 እስከ 198 ዓ.ሂ. (812–813 እ.ኤ.አ.) በቆየው ከበባ፣ ክፉኛ ተጎዳች። የቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ጉልላትም በ329 ዓ.ሂ. (በ941 እ.ኤ.አ.) ወደቀ። የተዘጋው በር ከተማዋን አጠፋት ብለን ታሪክን አናጣምም፤ ጦርነትም ጎርፍም ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ዛሬ ከዚያ ሁሉ ዲዋን በምድር ላይ የሚታይ ነገር የለም። ገበያተኞቹ የተወሰዱበት ሰፈር ስም ግን ሕያው ነው፤ የባግዳድ ምዕራባዊ ክፍል እስከ ዛሬ ከርኽ ይባላል።

ውድ አንባቢያን! ከእናንተ መካከል በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ፣ በመስጂድ ኮሚቴ ወይም በዕድር የምታገለግሉ አላችሁ። ቢሮዎችን ማሰባሰብና ማስዋብ መልካም ነው፤ የሰውን ጊዜና ድካም ይቆጥባል። ሆኖም የሕንፃው ዕቅድ ሲቀርብላችሁ ስለ ፎቁ ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ከሩቅ በእግሯ የመጣች አሮጊት በየት በኩል እንደምትገባ ጠይቁ። ሕዝቡ በቅርብ የሚያየው ንብረት ጠባቂው ብዙ ነው። አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።