በኬሚካል መንከሪያ የሚነጠፍ ካድሚየም ሰልፋይድ፦ የሙቀት፣ የፒኤችና የአሞኒያ የተሳሰረ ሚና

በስስ ፊልም የፀሐይ ሴል ምርምር ውስጥ አንድ የተለመደ የጥናት ዓይነት አለ። ተመራማሪው በኬሚካል መንከሪያ ውስጥ ካድሚየም ሰልፋይድን በመስታወት ላይ ያነጥፋል፤ ሙቀቱን ከ50 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይደጋግመዋል፤ ፊልሞቹን በኤክስሬይ ይመረምራል፣ ብርሃን የመምጠጥ አቅማቸውን ይለካል፤ በመጨረሻም «ተመራጩ ሙቀት ይህ ነው» ብሎ ይደመድማል። ውጤቱ ለዚያ ቤተ ሙከራ እውነት ነው። ሌላው ያንኑ ቁጥር ይዞ ሲሞክር ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ፊልም ያገኛል። በእኔ እምነት ችግሩ ያለው በጥያቄው አቀራረብ ላይ ነው። በመንከሪያ ውስጥ ሙቀት፣ ፒኤችና የአሞኒያ መጠን እየነጠሉ የሚያስተካክሏቸው ነገሮች አይደሉም። ሦስቱም ነጻ አዮኖች የሚለቀቁበትን ፍጥነት በየራሳቸው መንገድ የሚወስኑ ናቸው።

ካድሚየም ሰልፋይድ በሴሉ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ቢመስልም ወሳኝ ነው። ከመዳብ፣ ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከሴሊኒየም በሚሠራው ሴል ውስጥ ብርሃን መጣጩ ንብርብር ሁለት ማይክሮ ሜትር ያህል ሲወፍር፣ በላዩ የሚያርፈው ካድሚየም ሰልፋይድ 50 ናኖ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባንድ ጋፑ፣ ማለትም ብርሃን ለመምጠጥ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ጉልበት፣ 2.42 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ከ512 ናኖ ሜትር ያጠረውን ሰማያዊ ብርሃን ይመጥጣል፤ ከዚያ ብርሃን የሚገኘው ኤሌክትሪክ ደግሞ በአብዛኛው ይባክናል። ስለዚህ ፊልሙ በወፈረ ቁጥር ጅረቱ ይቀንሳል። በጣም ከሳሳ ደግሞ ቀዳዳ ይበዛበትና የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። ውድ የቫኩም መሣሪያ ባለበት ቤተ ሙከራ እንኳ ይህ ንብርብር በብርጭቆ ውስጥ በፈሳሽ የሚነጠፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈሳሹ ሸካራውን የክሪስታል ገጽ እስከ ስንጥቁ ድረስ ይሸፍናል፤ በውስጡ ያለው አሞኒያ ደግሞ ከመጣጩ ገጽ ላይ ኦክሳይዱን ያጥባል።

መንከሪያው ውስጥ የካድሚየም ጨው፣ ታዮዩሪያና አሞኒያ አሉ። የካድሚየም ሰልፋይድ የመሟሟት መጠን እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ የመሟሟት ብዜቱ 10⁻²⁸ አካባቢ ይባላል። ካድሚየምና ሰልፋይድ በነጻነት ቢገናኙ በቅጽበት ቢጫ ዝቃጭ ሆነው ከብርጭቆው ግርጌ ይቀራሉ። አሞኒያ ይህን የሚከላከለው እያንዳንዱን የካድሚየም አዮን በአራት የአሞኒያ ሞለኪውሎች በመያዝ ነው። ታዮዩሪያ ደግሞ በአልካሊ ፈሳሽ ውስጥ ሰልፈሩን የሚለቀው በዝግታ ነው። ሁለቱም መዘግየቶች ሲመጣጠኑ ምላሹ ከፈሳሹ መካከል ይልቅ በመስታወቱ ገጽ ላይ ይካሄዳል፤ ፊልሙም ጥብቅ፣ ጥርት ያለና በጣት የማይፋቅ ይሆናል። ሚዛኑ ሲዛባ ቅንጣቶቹ በፈሳሹ ውስጥ ይፈጠሩና ኋላ በፊልሙ ላይ ያርፋሉ፤ በጥጥ ሲነካ የሚለቅ ዱቄት ይሆናሉ። ዳንኤል ሊንኮ እና ራውል ኦርቴጋ ቦርገስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት የፊልሙን ክብደት በኳርትዝ ሚዛን፣ ከመንከሪያው ሳያወጡ እየተከታተሉ መዝነዋል። የዚህ ሥራ ትልቁ ዋጋ የማንጠፍን ሂደት ከመጨረሻው ናሙና ላይ ከመገመት ይልቅ በጊዜ ውስጥ እንዲታይ ማድረጉ ነው። በመጀመሪያ ምንም የማይታይበት ጊዜ፣ ቀጥሎ ቋሚ እድገት፣ በመጨረሻም መቆም አለ። 30 ደቂቃ ሙሉ የተነከረ ናሙና በአንዱ ሙቀት ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በሌላው ደግሞ በመጨረሻው ላይ ሊሆን ይችላል። ጊዜን ቋሚ አድርጎ ሙቀትን ብቻ መለዋወጥ እንግዲህ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ፊልሞች ማወዳደር ነው።

ሙቀት ሲጨምር ቢያንስ አራት ነገሮች አብረው ይለወጣሉ። የታዮዩሪያ መበስበስ ይፈጥናል። የካድሚየምና የአሞኒያ ትስስር ይላላል። አሞኒያው ይተናል። አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ ፒኤች ራሱ ይቀየራል። በአሞኒያና በአሞኒየም ጨው የተመጣጠነ ፈሳሽ በ25 ዲግሪ ተለክቶ 10 ቢያሳይ፣ በ70 ዲግሪ ከአንድ አሃድ በላይ ወርዶ ይገኛል። በጽሑፎች ላይ የምናነበው ፒኤች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማሞቁ በፊት የተለካው ነው።

የአሞኒያው መትነን በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። አንዱ ካድሚየም በአራት አሞኒያ ስለሚታሰር፣ ነጻ የሚሆነው ካድሚየም ከአሞኒያ መጠን አራተኛ ኃይል ጋር በግልባጭ ይሄዳል። ከአሞኒያው 16 በመቶ ብቻ ቢተን ነጻው ካድሚየም እጥፍ ይሆናል። ብርጭቆውን መክደንና አለመክደን ከ10 ዲግሪ ለውጥ የበለጠ ውጤት ሊያመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም መከደኑ በ«የአሠራር ዘዴ» ክፍል ውስጥ የሚጻፍበትን ጽሑፍ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ነገሩ እኛንም በቀጥታ ይመለከታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በባሕር ጠረፍ ከተማ የተጻፈ የ85 ዲግሪ አሠራር እዚህ ሲደገም መንከሪያው ለመፍላት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል፤ ከክፍት ብርጭቆ የሚወጣው አሞኒያም ይፈጥናል። ቫኩም ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤተ ሙከራ የኬሚካል መንከሪያ ርካሽና ምቹ መሆኑ እውነት ነው፤ ርካሽነቱ ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም።

የመለኪያዎቹም ንባብ ጥንቃቄ ይሻል። የካድሚየም ሰልፋይድ ኪዩቢክና ሄክሳጎናል ቅርጾች ዋነኛ የኤክስሬይ ነጸብራቃቸው በ26.5 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ ይደራረባል። አንድ ነጠላ ጫፍ ብቻ ከሚታይበት ፊልም «በዚህ ሙቀት ቅርጹ ወደ ሄክሳጎናል ተለወጠ» ብሎ መደምደም አያስተማምንም፤ ሄክሳጎናሉን የሚለዩት ሌሎቹ፣ ደካሞቹ ጫፎች ናቸው። በባንድ ጋፕም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ዱቄታማ ፊልም ብርሃኑን ይበትናል፤ መሣሪያው የተበተነውን እንደተመጠጠ ይቆጥረዋል፤ ከግራፉ የሚነበበው ባንድ ጋፕም ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። «ሙቀት ሲጨምር ባንድ ጋፑ ቀነሰ» ከሚሉት ግኝቶች ምን ያህሉ የብርሃን መበተን ውጤት እንደሆኑ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በቫኩም በሚነጠፉት ንብርብሮችም የተሳሰረው ባሕርይ አይጠፋም። ከሴሉ በስተኋላ ያለው ሞሊብዲነም በስፓተሪንግ ሲነጠፍ የአርጎን ግፊት ከፍ ካለ ፊልሙ በመስታወቱ ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ግን ደካማ ይሆናል። ግፊቱ ሲቀንስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥሩ ያስተላልፋል፣ ነገር ግን ይላጣል። ለሁለቱም የሚስማማ አንድ ግፊት ከመፈለግ ይልቅ የተለመደው መላ መጀመሪያ በከፍተኛ፣ ቀጥሎ በዝቅተኛ ግፊት ሁለት ንብርብር ማንጠፍ ነው። «ተመራጭ ዋጋ» የሚለው ሐሳብ ወሰኑ የት እንደሆነ ይህ በግልጽ ያሳያል። በካድሚየም ቴሉራይድ ሴሎች ዘንድ ደግሞ ፊልሙ ከተነጠፈ በኋላ በካድሚየም ክሎራይድ ታክሞ በ400 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ የቅንጣቶቹ ድንበርና የሴሉ ብቃት በእጅጉ ይለወጣል፤ ስለዚህ በመነጠፊያው ሙቀት የተገኘ ልዩነት ከዚህ ሕክምና በኋላ ይቀራል ወይ የሚለው ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባም።

በበኩሌ የሙቀትን ውጤት አጠናለሁ የሚል ጽሑፍ ቢያንስ ጥቂት ነገሮችን እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ፦ ብርጭቆው ክዳን ነበረው ወይ፣ ፈሳሹ በስንት ደቂቃ ሞቀ፣ መስታወቱ የገባው ከማሞቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ፒኤቹ በስንት ዲግሪ ተለካ፣ ለስንት ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ስንት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ዋለ። ፊልሞቹ ቢወዳደሩ ደግሞ በእኩል ውፍረት እንጂ በእኩል ጊዜ ባይሆን ይሻላል።

መንከሪያው ውስጥ ከሚገባው ካድሚየም አብዛኛው ፊልም አይሆንም፤ መርዛማ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ምላሹን ወደ መስታወቱ ገጽ የሚያዘነብሉት ሁኔታዎች ይህን ብክነት ይቀንሳሉ፤ ጨርሶ አያስወግዱትም። በዚህ ምክንያት ካድሚየምን በዚንክ የመተካት ጥረት ለዓመታት ቀጥሏል። የጃፓኑ ሶላር ፍሮንቲየር እ.ኤ.አ. በ2019 ያስመዘገበው 23.35 በመቶ ብቃት ካድሚየም በሌለበት ሴል የተገኘ ነው። የዚንኩ መንከሪያ ግን የዋህ አይደለም። ዚንክ ከሰልፋይድ ጎን ለጎን ኦክሳይድና ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ስለሚነጠፍ ፒኤችና አሞኒያ ከፊልሙ ጥራት አልፈው ምን ዓይነት ቁስ እንደሚሆን፣ ማለትም የኦክሲጅንና የሰልፈር ድርሻውን፣ ይወስናሉ፤ ይህ ድርሻም በሴሉ መጋጠሚያ ላይ ኤሌክትሮኖቹ ማለፍ መቻላቸውን ይወስናል።