አንድ ጎዳና፣ ሁለት ውሃ

በሰሜን ጀርመን፣ በሃምቡርግ ከተማ፣ ሹልተርብላት የሚባል ጎዳና አለ። ዛሬ ቡና ቤትና ምግብ ቤት ግራና ቀኝ የተደረደሩበት፣ ማታ ማታ ወጣቱ የሚርመሰመስበት መንገድ ነው። ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት በፊት ግን ድንበር ነበር። በአንደኛው ወገን ያሉት ቤቶች የሃምቡርግ፣ ትይዩ ያሉት ደግሞ በፕሩሲያ ሥር የነበረችው የአልቶና ከተማ ንብረት ነበሩ። ድንበሩ አጥር የለው፣ ኬላ የለው። የሁለቱ ወገን ሰው ተጋብቶና ተዋልዶ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት እየገዛ፣ አንድ አየር እየተነፈሰ ይኖር ነበር። የሚለያየው ነገር ቢኖር ከመንገዱ ሥር የተቀበረው ቧንቧ ነው።

በኦገስት 1892 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃምቡርግ ውስጥ ኮሌራ ገባ። በጎዳናው በሃምቡርግ ወገን ሬሳ የሚወጣበት ቤት ሲበዛ፣ ጥቂት እርምጃ ተሻግሮ ያለው የአልቶና ነዋሪ እምብዛም አልተነካም። ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው በሃምቡርግ ወገን የነበረው የአንድ ትልቅ የኪራይ ግቢ ጉዳይ ነው። በግቢው በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛ ቤተሰብ ይዞ ይኖር ነበር። መሬቱ የሃምቡርግ ቢሆንም ለአልቶና መስመር ስለሚቀርብ ውሃው የሚመጣለት ከአልቶና ነበር። በዙሪያው ሰው ሲረግፍ ያ ግቢ ተረፈ። የኮሌራን ተሕዋስ ለይቶ ያሳወቀው ሐኪም ሮበርት ኮህ ይህን ሲያጠና፣ ማንም ሊቅ በቤተ ሙከራ ሊያዘጋጀው የማይችለው ሙከራ በብዙ ሺህ ሰው ላይ በገዛ ራሱ እንደተካሄደ ቆጠረው።

መቼም ይህን የሚሰማ ሰው ሃምቡርግ ምን ያህል ኋላ ቀር ከተማ ብትሆን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከመላው የአውሮፓ ዋና ምድር አስቀድማ ዘመናዊ የፍሳሽ መውረጃ በመሬት ውስጥ የዘረጋች ከተማ ብትኖር ይህችው ሃምቡርግ ነበረች። ያን ሥራ እንድትሠራ ያስገደዳት ደግሞ እሳት ነው።

በሜይ 5 ቀን 1842 ሌሊት ዳይሽሽትራሰ በሚባለው መንገድ የተነሣው ቃጠሎ አራት ቀን ነደደ። ከአሮጌው ከተማ ሲሶ ያህሉ ጠፋ። ከ1,700 የሚበልጡ ቤቶች ተቃጠሉ፣ 51 ሰዎች ሞቱ፣ ሃያ ሺህ ያህል ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። እሳቱን ለመግታት ሲባል የከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት እንኳ በባሩድ እንዲፈርስ ተደርጓል። ከከተማው ወደ በርገዶርፍ የተዘረጋው አዲስ የባቡር ሐዲድ በዚያው ሰሞን በዓል ተደርጎለት ሊመረቅ ነበርና፣ ምርቃቱ ቀርቶ ባቡሩ የመጀመሪያ ሥራውን ከእሳት የሚሸሽ ሕዝብ በማመላለስ ጀመረ።

ሐዲዱን ያሠራው መሐንዲስ ዊልያም ሊንድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ዕድሜው ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። የከተማይቱ ሹማምንት ለተቃጠለው ሰፈር ፕላን እንዲያወጣ ሲጠይቁት፣ ሊንድሊ ሌላው ሰው አመድ ብቻ ባየበት ቦታ ክፍት መሬት አየ። ቤት ባለበት ሰፈር የፍሳሽ ቦይ ልቅበር ብትል መንገድ ትቆፍራለህ፣ ደጃፍ ትዘጋለህ፣ መሠረት ታናጋለህ፣ ከባለቤቱም ጋር ትካሰሳለህ። አሁን ግን መቆፈሪያው ምቹ፣ ከሳሹም ጥቂት ነበር። ምክር ቤቱ የተቃጠለውን መሬት ካሣ እየከፈለ የሚያነሣበትን ሕግ በዚያው ዓመት አወጣ። ቀድሞ ሰው በትከሻው እየተጋፋ ያልፍባቸው የነበሩት ጠባብ መንገዶች ሰፉ፣ ቀኑ። ይሁንና የሥራው ቁም ነገር ከላይ አልነበረም። መጀመሪያ ቦዩ፣ ቀጥሎ ቧንቧው፣ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ይነጠፍ ነበር። ዋና ዋናዎቹ የፍሳሽ መውረጃዎች በጡብ የታነፁ፣ ሰው ገብቶ የሚመላለስባቸው ሰፋፊ ዋሻዎች ናቸው። ከከተማይቱ መካከል ካለው ከአልስተር ሐይቅ እየተለቀቀ የሚገባ ውሃ በየጊዜው ጠርጎ ያወርዳቸው ነበር።

የዚህን ሥራ ዋጋ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ይጠቅማል። ሃምቡርግ ፍሌት በሚባሉ ቦዮች የተሸነሸነች ከተማ ነበረች። ጀልባው ዕቃውን የሚያራግፈው በዚያ ነው፣ የቤቱ ቆሻሻ የሚወርደው በዚያ ነው፣ ድኻው ለወጥም ለልብስም ውሃ የሚቀዳው ከዚያው ነው። አቅም ያለው ከውሃ ሻጭ ይገዛ ነበር። በ1848 የሊንድሊ የውሃ ማደያ ሥራ ሲጀምር፣ በሮተንቡርግስኦርት የተተከሉት የእንፋሎት ሞተሮች ከኤልበ ወንዝ እየሳቡ 64 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ አማካይነት ውሃውን ወደ ከተማው ላኩት። ግንቡ ዛሬም ቆሟል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ቧንቧው ወደ ሀብታሙም ወደ ድኻውም ቤት እየገባ ሄደ። ሊንድሊም ስሙ ስለገነነ በኋላ ለፍራንክፈርትና ለዋርሶ የሠራው ሥራ እስከ ዛሬ ይነሣለታል።

ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው አሸዋ ነው። ሊንድሊ ውሃው የሚሳብበትን ቦታ የመረጠው ከከተማይቱ በላይ፣ ወንዙ ገና ንጹሕ ሳለ ነበር። ውሃውም ወደ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት ጭቃው እንዲዘቅጥ በገንዳ ውስጥ ያርፋል። ለ1848ቱ ከተማ ይህ ሳይበቃ አልቀረም። በ1890ዎቹ መግቢያ ግን ነዋሪው ከ600,000 በላይ ደርሶ ነበርና በገንዳ ውስጥ ለማረፍ ጊዜ ያለው ውሃ አልነበረም፤ እንደገባ ይወጣ ነበር። ሌላም ነገር አለ። ኤልበ ወንዝ ነው ቢባልም የሰሜን ባሕር ሙላት መቶ ኪሎ ሜትር ዘልቆ ሃምቡርግ ድረስ ይገፋዋል። ባሕሩ በሞላ ጊዜ ወንዙ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚያ ጡብ ዋሻ እየተጠረገ ወደ ወንዙ የወረደው የከተማው ቆሻሻ፣ በተለይ ወንዙ በጎደለበት ወቅት፣ ወደ ውሃ መሳቢያው ሽቅብ ይመጣ ጀመር። እንዲህ በማድረግ ከመሬት በታች ያሉት ሁለቱ ሥራዎች፣ ቦዩና ቧንቧው፣ እያንዳንዳቸው በወጉ ተሠርተው ሳለ ተገናኙ።

ነዋሪው ይህን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። የቧንቧው ውሃ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ እባብ የረዘመ ዓሣ ይዞ ይመጣ ነበር። በ1885 ክሬፐሊን የተባለ የእንስሳት ጥናት ሊቅ በሃምቡርግ ቧንቧ ውስጥ ስለሚኖሩ ፍጥረታት ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሳትሟል። ዱር ገብቶ አራዊት የሚያጠና ሊቅ ብዙ ነው፤ ለዚያ ሥራ የውሃ ቧንቧ መክፈት ብቻ የበቃው ግን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

አልቶና የወንዙን ውሃ የምትስበው ከሃምቡርግ በታች፣ በብላንከኔዘ በኩል ነው። ይህም ማለት ሃምቡርግ ጠጥታና ታጥባ የለቀቀችውን ነው። ከሁለቱ ውሃዎች ይብስ የቆሸሸው የአልቶና ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ከ1859 ጀምሮ ያ ውሃ ወደ ቤት የሚደርሰው በአሸዋ አልፎ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በሰፊ ገንዳ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ይነጠፋል። ውሃው ከላይ ይለቀቅና በዝግታ ይሰርጋል። ጥቂት ቀን ሲቆይ በአሸዋው ገጽ ላይ አንድ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሲያዩት የሚያስጠይፍ ነው፤ ነገር ግን በዓይን በማይታዩ ሕያዋን የተሞላው ይኸው ሽፋን ነው በሽታ አምጪውን ተሕዋስ ይዞ የሚያስቀረው። ሲደድር ሠራተኞች ገብተው የላይኛውን አሸዋ በአካፋ ገፈው ያነሡታል፣ ሥራውም እንደገና ይቀጥላል። ሰፊ መሬትና የማይሰለች ሠራተኛ ከመፈለጉ በቀር የተራቀቀ ጥበብ አይጠይቅም።

ሃምቡርግ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሊንድሊ ራሱ በ1860 ከተማይቱን ለቆ ከመሄዱ በፊት አሸዋ ማጣሪያ እንዲሠራ መክሯል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲንከባለል ሠላሳ ዓመት አለፈው። ምክንያቱ ቆጣሪ ነው። ውሃ የሚከፈለው በፍጆታው ልክ ስላልነበረ አባካኙ ብዙ ነበር፤ መሐንዲሶቹም ይህን ሁሉ የሚባክን ውሃ ማጣራት ስለማይቻል በየቤቱ ቆጣሪ ይግባ አሉ። የቤት ባለቤቶች ደግሞ ቆጣሪውንም የሚከተለውንም ወጪ አልፈልግም አሉ። የእነርሱ እንቢታ ደግሞ እንደ ተራ ሰው እንቢታ አልነበረም። ከ160ዎቹ የከተማይቱ ምክር ቤት መቀመጫዎች 40ዎቹን የሚመርጡት የቤትና የመሬት ባለንብረቶች ብቻ ነበሩ። ተከራዩ አብዛኛውን ጊዜ የዜግነት ክፍያ መክፈል ስላቃተው ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ሳይንሱም ቢሆን ለማዘግየት የሚመች ሰበብ አላጣም። የሙኒኩ ስመ ጥር ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ኮሌራ የሚያጠቃው በአፈሩና በአካባቢው ጠባይ ምክንያት እንጂ ውሃ ብቻውን ሰው አይገድልም ይል ነበር። በሃምቡርግ ሐኪሞች ዘንድ ይህ አሳብ ብዙ ደጋፊ ነበረው። ሽማግሌው እምነቱን ለማስመስከር በኦክቶበር 1892 የኮሌራ ተሕዋስ ያለበትን ብልቃጥ በአደባባይ ጠጥቶ፣ ሆዱን ትንሽ ከመረበሹ በቀር ድኗል። ድፍረቱን ባደንቅለትም፣ ይህን ሲያደርግ ሃምቡርግ ሙታኗን ቀብራ እንዳልጨረሰች አለማሰብ አይቻልም።

ማጣሪያው እንዲሠራ በመጨረሻ በ1890 ተወሰነ። ሥራውም ተጀመረ። በሽታው የደረሰው ግንባታው ገና ሳያልቅ ነው።

በኦገስት አጋማሽ ሙቀቱ በርትቶ፣ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ሰው መታመም ሲጀምር ሹማምንቱ ስሙን ለመጥራት ቀናት ፈጀባቸው። ኮሌራ ነው ከተባለ ወደቡ ይዘጋል፣ ወደቡ ከተዘጋ ንግዱ ይቆማል። ሞራቪያ የተባለች መርከብ ስደተኞች ጭና ወደ ኒው ዮርክ የተነሣችው በዚሁ መካከል፣ ከበሽታ ንጹሕ ናት የሚል ወረቀት ይዛ ነው። በጉዞው ላይ 22 ሰዎች በኮሌራ ሞተውባታል፤ የሚበዙት ሕፃናት ናቸው። ከበርሊን የተላከው ኮህ ኦገስት 24 ሲደርስ ነገሩ ከሰው እጅ ወጥቶ ነበር። ቧንቧው ተሕዋሱን ከወንዝ ተቀብሎ በአንድ ጊዜ ወደ መላው ከተማ ያደርስ ነበርና። ውሃ እያፈሉ በጋሪ ማደል፣ ቤት በመድኃኒት ማጠብ፣ በኦልስዶርፍ መቃብር ሬሳ በጅምላ መቅበር ሆነ። በጥቂት ሳምንታት 17,000 ያህል ሰው ታሞ፣ ከ8,600 የማያንስ ሞተ። አልቶና 143,000 ያህል ሕዝብ ነበራት፤ የሞተባት ከ330 ያነሰ ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሃምቡርግ ሲሠሩ የተያዙ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያልተቻለው በወራት ውስጥ ተቻለ። ሌሊትና ቀን ተሠርቶ፣ በካልተሆፈ ደሴት ያለው አሸዋ ማጣሪያ በሜይ 1893 ሥራ ጀመረ።

ሰፈሩስ? ወደብ አጠገብ ጌንገፊርትል የሚባሉ፣ ፀሐይ የማይገባባቸው፣ በጉራንጉር የተያያዙ የድኻ ሰፈሮች ነበሩ። ቃጠሎው ያልደረሰባቸው ስለሆኑ የሊንድሊ ዕድሳትም የገባባቸው እንደ ነገሩ ነበር። ያን ያህል የተጨናነቁትም በራሳቸው ጥፋት አይደለም። ከ1883 ጀምሮ ሽፓይሸርሽታት የተባለው የመጋዘን ከተማ ሲሠራ ሃያ ሺህ ያህል ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ነበርና፣ ከሥራው መራቅ ያልቻለው እዚያው ጉራንጉር ውስጥ ተደራርቦ ገባ። ከኮሌራው በኋላ ከተማይቱ እነዚህን ሰፈሮች ለማፍረስ ተነሣች። ለጤና ሲባል ነው ተባለ፤ እውነትነትም አለው። ነገር ግን በ1909 ገደማ በአንደኛው ላይ የወጣው ሰፊው የሙንከበርግ ጎዳና የሱቅና የቢሮ መንገድ ነው፤ በሌላኛው ላይ በ1924 ያለቀው ዝነኛው ቺለሃውስ የንግድ ሕንፃ ነው። ተነሺው ሠራተኛ አቅም ያለው ወደ ባርምቤክና ወደ ሐመርብሩክ ሄደ፣ የሌለው ቀጥሎ ወዳለው ጉራንጉር ተሸጋገረ። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኮሌራው ቀጥሎ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ውሃው ያለ አድልዎ ለሁሉም ሲጠራ፣ አዲሱ ሰፈር ግን የጠራው ለሌላ ሰው ነበር።

የመጨረሻው የጌንገፊርትል ቅሪት በ2009 ሊፈርስ ሲል ሠዓሊዎች ገብተው ስለያዙት ተርፏል። አልቶና በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሃምቡርግ ጋር ስለተቀላቀለች በሹልተርብላት ላይ የነበረው ድንበር ቀርቷል። ሃምቡርግ የኤልበን ውሃ መጠጣት ያቆመችው በ1964 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምትጠጣው ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው። የካልተሆፈ ማጣሪያ በ1990 ተዘግቶ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ገንዳዎቹ ውሃ አቁረው ሣር በቅሎባቸው የወፎች መኖሪያ ናቸው፤ በየመካከላቸውም ሠራተኞቹ ቁልፉን ይከፍቱባቸውና ይዘጉባቸው የነበሩት ትንንሽ የጡብ ቤቶች በመደዳ ቆመዋል።