ደሴት መስላ ያመለጠችው መርከብ

ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ሲባል ብዙዎቻችን ግዙፍ የጦር መርከብ ይመስለናል። አይደለም። የሆላንድ ባሕር ኃይል «አብራሃም ክራይንሰን» ርዝመቷ 56 ሜትር ገደማ፣ ሰዎቿም 45 ብቻ ነበሩ። ሥራዋ የባሕር ፈንጂ እየጠረጉ መንገድ መክፈት እንጂ ውጊያ አልነበረም።

በ1942 ፌብሩዋሪ መጨረሻ ጃፓኖች በጃቫ ባሕር ላይ ድል አደረጉ። ሱራባያ ወደብ የነበሩት መርከቦች ወደ አውስትራሊያ እንዲሸሹ ታዘዙ። ግን እንዴት? የእሷ ፍጥነት በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከላይ ደግሞ የጃፓን አውሮፕላን አለ።

መርከበኞቹ ያደረጉት ነገር ቀልድ ነው የሚመስለው። ከደሴቶቹ ዛፍና ቅርንጫፍ ቆርጠው መርከቧን አለበሷት። ያልተሸፈነውን ብረት ድንጋይ እንዲመስል ቀለም ቀቡት። በዚያ አካባቢ ትንንሽ ደሴት ስፍር ቁጥር የለውም፤ አንዲት ብትጨመር ማን ይቆጥራል? የምትሄድ ደሴት ግን ወዲያው ትታወቃለች። ስለዚህ ቀን ቀን ዳር ተጠግታ፣ መልህቋን ጥላ፣ ዝም። ጉዞው በሌሊት ብቻ። እንዲህ እያለች ማርች 20 ፍሪማንትል ገባች።

በዚያ ከነበሩት ሦስት እህት መርከቦቿ ሁለቱን የጃፓን እጅ እንዳይገቡ የራሳቸው ሰዎች አሰጠሟቸው። ሦስተኛዋን፣ «ያን ቫን አምስቴልን»፣ የጃፓን መርከብ አግኝታ አሰጠመቻት። እኛን ያስገረመን ይሄ ነው፤ ያቺ ቅጠል የለበሰችው ብቻ ተረፈች።

ከዚያ በኋላ ለአውስትራሊያ ባሕር ኃይል ተሰጥታ የጭነት መርከቦችን ስትጠብቅ ቆየች፤ በ1943 ወደ ሆላንዶቹ ተመለሰች። ዛሬ ዴን ሄልደር ከተማ፣ በባሕር ኃይሉ ሙዚየም ቆማለች።