በመዝገብ ያልታየ የጦር ወጪ



የአንድ መንግሥት የሰላም ቃል የሚመዘነው በንግግሩ ጣዕም ሳይሆን ለጦር መሣሪያ በሚያወጣው ገንዘብ ነው። ይህ አሳብ በ1919 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በተጻፈው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ውስጥ ገባ። በስምንተኛው አንቀጽ አባሎቹ ስለ ጦር መሣሪያቸው መጠን ግልጽና የተሟላ መግለጫ ሊለዋወጡ ተስማሙ። ማኅበሩም ከ1924 ጀምሮ የየአገሩን የሠራዊት ብዛትና የጦር በጀት የሚዘረዝር የዓመት መጽሐፍ ያሳትም ጀመር።

ነገር ግን መጽሐፉ የተመሠረተው መንግሥታት በይፋ ባወጡት ቍጥር ላይ ስለ ነበረ፣ መደበቅ የፈለገ መንገድ አላጣም። የጀርመን ሠራዊት በቬርሳይ ውል መሠረት ከ100,000 ሰው እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ የብሔራዊ ባንኩ ገዥ ያልማር ሻኽት አንድ ዘዴ አበጀ። መነሻ ገንዘቡ 1 ሚሊዮን ማርክ ብቻ የሆነ፣ ሜፎ የተባለ የስም ኩባንያ ተቋቋመ። የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ዋጋቸውን በዚህ ኩባንያ ላይ በተጻፈ የሐዋላ ወረቀት ይቀበሉ ነበር፤ ብሔራዊ ባንኩም ወረቀቱን በገንዘብ ለመለወጥ ዋስ ሆነ። እስከ 1938 ድረስ በዚህ መንገድ የወጣው ወደ 12 ቢሊዮን ማርክ ይደርሳል። በመንግሥት በጀት ላይ ግን አልታየም።

ይሁን እንጂ ጕዳት የሚመጣው ከተሸሸገው ብቻ አይደለም። በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ወታደሮቿን በስዊዝ ቦይ ስታሳልፍ ከማንም አልተሸሸገችም፤ መርከቦቿም በቀን ብርሃን የቦዩን ቀረጥ እየከፈሉ አለፉ። ወራሪዋም ተወራሪዋም የማኅበሩ አባሎች ነበሩ። ሆኖም ቦዩ አልተዘጋም፤ በኢጣሊያ ላይ በተጣለውም ማዕቀብ ውስጥ ነዳጅ አልገባም። ዓለም ቈጥሮ ዐወቀ፤ ዐውቆም ዝም አለ።

ዛሬ ይህን የመቍጠር ሥራ ከሚሠሩት መካከል ስመ ጥሩው በ1966 በስቶክሆልም የተቋቋመው ሲፕሪ የተባለው የሰላም ጥናት ተቋም ነው። ተቋሙ መንግሥታት ያስታወቁትን ከመቀበል አልፎ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት በጀት ሥር የገባውን የጦር ወጪ እየፈለገ ይደምራል፤ ስለዚህም ለቻይና የሚሰጠው ግምት አገሪቱ ራሷ ካስታወቀችው ይበልጣል። በስሌቱ መሠረት በ2024 የዓለም የጦር ወጪ 2,718 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የጀርመን ታሪክ የዚህ ምስክር ነው። የ1935ቱ ታሪክ ደግሞ ሌላ ያስተምረናል፤ በሽታው ታውቆ መድኃኒቱን የሚሰጥ ከጠፋ፣ በሽተኛው ከመሞት አይድንም። እንግዲህ የጦር መሣሪያ ቈጠራ ሰላምን የሚጠብቀው ሁለት ነገር ሲሟላለት ነው፤ እውነትን የሚገልጥ መዝገብና መዝገቡን አንብቦ የሚነሣ ልብ።